ጓሮዬ ሲያምር ዓይኔ ሲደክም

ዓይኑን የታመመ ሰው ሐኪም አይቸግረውም። ዓይኔ ደም መስሎ በቆቦ ገበያ መካከል ያለፍሁ ቀን፣ ከሱቄ እስከ ቤቴ ባለችው አጭር መንገድ ስንት መድኃኒት እንደታዘዘልኝ አላህ ነው የሚያውቀው። አንዱ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጠህ እጠበው አለኝ። አንዷ የአራስ ጡት ወተት ጠብ አድርግበት አለችኝ። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ደግሞ አስቁሞኝ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና «አሃ!» ብሎ፣ ምንም ሳይነግረኝ መንገዱን ቀጠለ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የዚያ ሰውዬ «አሃ» ነው። ምን አይቶ ይሆን?

እኔ እንዲህ ነኝ፤ ምክንያቱን ያላወቅሁት ነገር ዕረፍት ይነሣኛል። ፋጤ ባለቤቴ «አንተ ስትሞት እንኳ መላከ ሞትን በየት በኩል ገባህ ብለህ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች። ይህን የምጽፈውም ለዓይን ሕመም መድኃኒት ላዝዝ አይደለም፤ የሚያዝ ሞልቷል። የታመመ ሰው መጠየቁን እንዳይተው ለመንገር ነው። ስሜ እድሪስ ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት። እንጀራው በመርፌ ቀዳዳ በኩል የሚያልፍ ሰው ዓይኑ ሲደክምበት ምን እንደሚሆን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ነገሩ ግን ከዓይኔ ሳይሆን ከጓሮዬ ይጀምራል። በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ግድም እኔና ፋጤ ከቆቦ ዳር፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ በኩል አንድ ቤት አገኘን። ቤቱ ደህና ነበር። ጓሮው ድንጋይ፣ የአመድ ክምርና እሾህ ነው። ዙሪያውን ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የተከለው ቅንጭብ ከጣሪያው በላይ አድጎ ፀሐይ ከልሎታል። ቅንጭብን በቆላው አገር የማያውቀው የለም። ቅጠል የሚባል የለውም፤ ጣት የሚያህል አረንጓዴ ጭራሮ ብቻ ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል። ከብት አይበላው፣ ድርቅ አይገድለው፤ ለአጥር ከእሱ የሚሻል የለም። ወተቱ ዓይን ከገባ እንደሚያሳውር ግን ልጅ ሁሉ ገና መራመድ ሲጀምር ይነገረዋል።

«ይኸ ጓሮ ነው ዱር?» አለች ፋጤ በጓሮ በር ብቅ ብላ። «እባብ ነው የምናረባበት?»

«ቆይ ብቻ» አልኋት።

ልብስ ሰፊ ጓሮ ሲያለማ እንደ ልብስ ነው የሚያለማው። መጀመሪያ ለካሁ። ሲባጎ ወጠርሁ፣ በኖራ አሰመርሁ፣ ድንጋዩን ለቅሜ በመስመሩ ላይ ደረደርሁ። ክረምት ሲገባ ገበሬዎቹ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳቸው እንደሚጠልፉት፣ እኔም ከመንገዱ ዳር ጠባብ ቦይ ቆፍሬ ወደ ጓሮዬ ጠለፍሁት። ጎርፉ ጥቁር ደለል ትቶልኝ ሄደ። በደለሉ ላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና በሶብላ ዘራሁ፤ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ በሚፈስስበት በኩል ሸንኮራ፣ ከግድግዳው ሥር ሎሚ፣ ከመካከል ፓፓያ ተከልሁ። ጥግ ላይ ከነበረው ትልቅ ሾላ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ለአትክልቱ ፀሐይ ከፈትሁለትና ከሥሩ የጭቃ መደብ ሠራሁ። ቅንጭቡን ደግሞ እስከ ደረቴ አሳጠርሁት፤ በሲባጎ እየተለካ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ። ቶሎ ቶሎ ስለሚያቆጠቁጥም ረቡዕ ረቡዕ ማታ በአሮጌ መቀስ እከረክመዋለሁ።

ሰው ሊያየው ይመጣ ጀመር። ጎረቤቶቼ በአጥሩ ላይ ተደግፈው «እድሪስ፣ ይኸን አጥር ቁልፍ መቼ ትተክልበታለህ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። እኔ ከሱቅ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ በረጠበው አፈር ላይ እቆማለሁ፣ የበሶብላው ሽታ ይመጣል፣ ፋጤ መደቡ ላይ ተቀምጣ የቀኑን ወሬ ትነግረኛለች፣ ልጆቹ ሸንኮራውን ገና ሳይደርስ ይሰርቁኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሕመሙ የመጣው በዚሁ ደስታ መካከል ነው።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስመለስ ከቀኝ ዓይኔ ቆብ ሥር አሸዋ የገባ መሰለኝ። አሸሁት። ማታ ላይ ሁለቱም ዓይኖቼ ቀሉ፣ ጉንጬ ላይ እንደ ሽፍታ ያለ ነገር ወጣ፣ እንባዬ ይወርዳል። ፋጤ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ ግንባሬንም አሸችኝ። ቀን በገፋ ቁጥር እየቀለለኝ ሄደና ረቡዕ ላይ ደህና ነበርሁ። ቅንጭቤን ከረከምሁ፤ ፋጤም ዳማከሴውን አመሰገነች። ጁምዓ ደረሰ፤ ዓይኔ ነደደ።

በሚቀጥለውም ጁምዓ እንደዚያው። ሕመሜ ቀን ያውቃል! የትኛው በሽታ ነው ጁምዓን ከሌላው ቀን የሚለየው? ዓይኔ እያለቀሰ እኔ ይኸን አሰላስላለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት፣ ማንም እንደሚጠረጥረው፣ ቅንጭቡን ነው። ነገር ግን ስከረክመው ፊቴን ተከናንቤ ነው፣ ነፋሱ በጀርባዬ በኩል ሲሆን ነው፣ ስጨርስም እጄን በሳሙና እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። ደግሞም የቅንጭብ ወተት ዓይን ከገባ እዚያው ያስጮሃል እንጂ ሁለት ቀን አይጠብቅም። ይህም አልበቃኝም፤ ፈተንሁት። ሁለት ረቡዕ መቀሱን ሳልነካ ቀረሁ። ሁለቱንም ጁምዓ ዓይኔ ታመመ። በዚህም ቅንጭቡን ነጻ ለቀቅሁት።

ከተማችን ውስጥ አንድ ክሊኒክ ነበረ፤ የሚያክመው ሐኪም ሳይሆን ድሬሰር ነው። ጠዋት ሄጄ በረንዳው ላይ ከወባ በሽተኞች ጋር ስንቀጠቀጥ ዋልን፤ እነሱ በብርድ ብርድ፣ እኔ በፍርሃት። ተራዬ ሲደርስ ድሬሰሩ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና «ማዝ ነው» አለ። ማዝ የሚሉት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ የዓይንን ቆብ ከውስጥ እያሻከረ ቆይቶ የሚያሳውር በሽታ ነው። በትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጠኝና ንጽሕና አጥብቅ አለኝ። ቅባቱ ደግ ነበር፤ ያቀዘቅዛል። ጁምዓ ሲደርስ ግን ያው ነው። ተመልሼ ሄድሁ።

«ቅባቱን ትተኸዋል» አለኝ።

«ኧረ ወላሂ አልተውሁም።»

«እንግዲያው በደንብ አልተቀባህም።»

ፋጤ የድሬሰሩን ቃል እንደ ኪታብ ያዘችው። ንጽሕና ከተባለ እሷን የሚያህል የለም። በትከሻዬ የምጥላት፣ ለሶላት ታጥቤ ዉዱእ ባደረግሁ ቁጥር ፊቴን የማብስባት ነጭ ፎጣ አለችኝ። ይህችን ፎጣና የጁምዓ ጀለቢያዬን ድሮም ሐሙስ ሐሙስ ታጥብልኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከሁሉ ልብስ ለይታ ትቀቅላቸው ጀመር። ሕመሙ በተነሣ ቁጥርም አጠገቤ ተቀምጣ በፎጣዋ ጫፍ እንባዬን ታብስልኛለች። «አብሽር፣ ያልፋል» ትለኛለች። እጇ እንዴት ለስላሳ እንደነበር አልረሳውም።

ዓይኔ ግን እየባሰ ሄደ። የቀኙ በጭጋግ ተሸፈነ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝና ልጄን እጠራ ጀመር። የአንድ ዋጃ ሰው እጅጌ አጣምሜ ሰፍቼ ስመልስለት፣ ሰውዬው ገለባብጦ አየና «ግድ የለም፣ በክንዴ ነው የምለብሰው፣ በዓይኔ አይደለም» አለኝ። ደግ ሰው ነው። እኔ ግን እሱ ከሄደ በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከእንቅልፌ እየነቃሁ፣ የጨለመው ሌሊቱ ይሁን ዓይኔ ሳላውቅ፣ የበሩን ስንጥቅ እፈልጋለሁ።

በዚህ መካከል አማቴ እትዬ ዘምዘም ከዋጃ መጡ። ጓሮውን ያዩት ያን ጊዜ ገና ነው። ሽንኩርቱን አዩ፣ ፓፓያውን አዩ፣ «ማሻ አላህ» አሉ። ሾላው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኸን ቅርንጫፍ ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

ነገርኋቸው። ሕመሙ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር።

«ሾላው ቆሌ አለው፣ ልጄ። የሰው ቤት ጣራ አፍርሰህ ዝም የሚልህ ይመስልሃል? ሐሙስ ማታ ይመጣል፣ ጁምዓ ዓይንህን ይይዛል። ቀኑን እንኳ አልሳተም!»

 እኔ ያላገኘሁትን የጁምዓን ምክንያት እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። ወደ ሸሁም ወሰዱኝ። ሸሁ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ወዳጃ የሚባለውን የጸሎት ጉባኤ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉልኝና ስወጣ ክንዴን ይዘው «ዱዓው ከእኛ፣ አንተ ግን ሐኪሙን አትተው» አሉኝ። አማቴ ይህን የኋለኛውን አልሰሙም፣ ወይም መስማት አልፈለጉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃላቸው አንድ ሆነ፤ ቤቱን ለቃችሁ ወደ ዋጃ ኑ።

ፋጤ በሁለታችን መካከል ቀረች። ፊት ለፊቴ ምንም አትለኝም። አንድ ቀን ግን መደቡ ላይ ተቀምጠን ሳለ ድንገት «ጓሮው ይበልጥብሃል ወይስ ዓይንህ?» አለችኝ።

«ዓይኔ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ምን እንጠብቃለን?»

«ምክንያቱን» አልኋት። ተነሥታ ገባች። በትዳራችን እንደዚያን ሰሞን ተኮራርፈን አናውቅም። በመጨረሻ ተስማማን፤ ደሴ ሄጄ ልታከም፣ ሳልድን ከተመለስሁ ግን ጓሮውን ትተን ዋጃ እንግባ። ፍየሎቻችንን ሸጥን፤ የታጠቡት ፎጣዬና ጀለቢያዬ ገና ሳይደርቁ በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ በወልዲያ በኩል ወደ ደሴ ወጣሁ።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ከላስታ ለጉበታቸው ከመጡ አንድ ቄስ ጋር ተገናኘን። አባ ነው የምላቸው። ለምርመራ የሚፈለገው ስም እስኪጠራ ጠዋቱ ያልቃል፤ የእኔ ዓይን ደግሞ ብርሃን አይችልም፣ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ነው የምቀመጠው። ከፊታችን የአበባ መደብ እንዳለ አፍንጫዬ በጠረኑ ያውቃል።

«አባ፣ ምን ዓይነት አበባ ነው?»

«ቀይ።»

«ቅጠሉስ? ድንጋይ ከበውታል ወይስ ጡብ? ውሃው በየት በኩል ነው የሚገባ?»

አባ ተነሥተው ሄደው አዩልኝ፤ ተመልሰው ነገሩኝ፤ እኔም ሌላ ጠየቅሁ፤ እንደገና ሄዱ። በሦስተኛው ቀን «እኔ ለጉበቴ መጥቼ አትክልተኛ ሆኜ አረፍሁት» አሉኝ። ሄደው ማየቱን ግን አልተዉም። የዚያን አግዳሚ ቀናት ያቀለሉልኝ እኒህ ሰው ናቸው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ በአስተርጓሚ ነው የምንነጋገር። በትንሽ መብራት ብዙ ጊዜ አየኝና እንዲህ አለ፦ «ማዝ አይደለም። በዓይንህ ብሌን ፊት እንደ መስታወት ያለ ስስ ሽፋን አለ፤ እሱ ቆስሏል። የቆሰለውም አንድ ነገር ደጋግሞ እያቃጠለው ነው።»

«ምን?»

«እሱን እኔ ከዚህ ሆኜ አላየውም። አንተ ነህ የምታውቀው።»

እንዲህ በግልጽ አላውቅም ያለኝ ሰው ከእሱ በፊት አልገጠመኝም፤ ወደድሁት። አስተኙኝ፣ ሁለቱንም ዓይኔን በጨርቅ አሰሩት፣ ጠብታ አደረጉልኝ። ጁምዓ መጣ፤ ምንም የለም። ሌላ ጁምዓ መጣ፤ ምንም። ጨርቁ ሲፈታ የአባን ጺም አየሁ፤ አልሐምዱሊላህ አልሁ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ከቆቦ ርቄ ዳንሁ ማለት አማቴ ልክ ናቸው ማለት ነው። ሾላው ደሴን አያውቅም፣ ስለዚህ ተወኝ። ከእንግዲህ ያን መደብ፣ ያን በሶብላ፣ በሲባጎ የለካሁትን አጥር ማየት የለም። ዓይን ተመልሶልኝ በዓይን የማየው ነገር የተወሰደብኝ ያህል ከፋኝ።

ከአልጋ ተነሥቼ ለቁጥጥር ብቻ እንድመላለስ ሲፈቀድልኝ፣ ከአባ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። አንድ ሐሙስ ማታ የቆቦ ሾፌር ከፋጤ የተላከ ጥቅል አመጣልኝ። ፈታሁት፤ የታጠበ ጀለቢያ፣ የታጠበች ፎጣና ከጓሮዬ የመጀመሪያዋ የበሰለች ፓፓያ! ከአባ ጋር ተካፍለን በላናት፤ እሳቸው አይተዋት ስለማያውቁ ፍሬውን ጭምር ሊበሉት ነበር። በማግሥቱ ዉዱእ አድርጌ፣ ጀለቢያዬን ለብሼ፣ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ጁምዓ ሰገድሁ።

ማታ ዓይኔ ነደደ።

አባ እያዘኑ ጠብታዬን ሊያቀርቡልኝ ሲነሡ እኔ መሳቅ ጀመርሁ። «እግዚኦ፣ ይኸ ሰው አበደ» አሉ።

«አባ፣ መጣ! ደሴ ድረስ መጣ!»

«ማን?»

«ሕመሙ! ሾላው እኮ አልመጣም። ሾላው ቆቦ ነው!»

ከእኔ ጋር ቆቦ የነበረ፣ ደሴ ስገባ የተለየኝ፣ ትናንት ደግሞ ተመልሶ የደረሰብኝ ነገር ነው። ያ ሁሉ በአንድ ጥቅል ውስጥ አልጋዬ ላይ ተዘርግቷል። መጀመሪያ ፓፓያዋን ጠረጠርሁ፤ እሷም ወተት አላት። አባ ግን ግማሿን በልተው ጉበታቸው እንኳ አላጉረመረመም። ጀለቢያው ዓይኔን አይነካም። ፎጣዋ ቀረች። ፎጣዋን አነሣሁና ጫፏን በምራቄ አርሼ ከንፈሬ ላይ ያዝሁት። ጥቂት ቆየሁ፤ ምንም። ሌላ ቦታ ሞከርሁ። ከንፈሬ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ።

በማግሥቱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተን አየናት። የእኔ ዓይን ስለማይበቃ አባን «ምን ይታይዎታል?» አልኋቸው።

«ነጥብ ነጥብ አለባት። ቡኒ።»

«እንዴት ነው የተቀመጠው?»

«በመስመር። ልክ ተሰምሮ እንደተነጠበ። አንዱ ከአንዱ ሳይዘል።»

ተቀመጥሁ። በመስመር የሚሄድ፣ አንዱ ከአንዱ የማይዘል ነገር ቆቦ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም የከረከምሁት እኔ ነኝ።

የቀረውን እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኜ ሰፋሁት። ቅንጭቡ ረጅም ሳለ ልብስ የሚሰጣበት አልነበረም። እኔ አሳጥሬ ልሙጥ ባደረግሁት ጊዜ ግን ከአቧራ የራቀ፣ ዶሮ የማይወጣበት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ሆነ። እኔ ሱቅ ውዬ ማታ ስገባ ልብሱ ታጥፎ ነው የማገኘው፤ የት እንደዋለ አይቼ አላውቅም። ሳልከረክመው ብሰነብትም ለውጥ የለውም፤ ቅንጭብ እንቡጡ ስስ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ሲጎተትበት ይቀነጠሳል፣ ወተቱን ጨርቁ ይጠጣዋል፣ ሲደርቅም ቡኒ ነጥብ ይሆናል። ከዚያ እኔ እርጥብ ፊቴን በቀን አምስቴ አብስበታለሁ። ያቃጥለኛል፤ ሲያቃጥለኝ አለቅሳለሁ፤ ሳለቅስ በእሱው እታበሳለሁ።

ሐኪሙ በአስተርጓሚው በኩል ሁሉንም ሰማና ፎጣዋን በወረቀት ጠቅልሎ መለሰልኝ፤ «አሁን ታውቃለህ» አለኝ። ዓይኔን አጥቦ ሕክምናውን እንደገና ጀመረልኝ፣ ዓይኔም ዳነ። ከቀኙ ዳር ቀጭን ጭጋግ ቀርቶልኛል፤ በግራው ግን ክር አስገባለሁ። እንግዲህ ምክር የሚሉትን እዚህ ላይ ልናገርና ልገላገል። የቅንጭብ አጥር ያላችሁ ልብስ አትስጡበት፤ ደርቋል አትበሉ። ሕመማችሁ ቀን ካወቀ፣ በዚያ ቀን ዋዜማ ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ስለ ዓይናችሁ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤታችሁ ንገሩት፤ እሱ ቤታችሁን አያይምና።

ቆቦ የደረስሁት ከቀትር በኋላ ነው። ፋጤና አማቴ ጓሮ ውስጥ ነበሩ። ቃሪያው ቀልቷል፣ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ተደርድሯል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስሁም፤ መንገዱን ሙሉ ሳብሰለስለው የመጣሁት ነገር አላስችል አለኝ።

«አገኘሁት!» አልሁ። ፎጣዋን ከወረቀቱ አውጥቼ ቅንጭቡ አናት ላይ ዘረጋኋት። ቡኒዎቹ ነጥቦች አንድ በአንድ በተከረከሙት ጭራሮዎች ጫፍ ላይ አረፉ። «ተመልከቺ! ልክክ! ሾላው አይደለም፣ ማዝ አይደለም፣ ይኸ ነው! ወተቱ በፎጣዋ በኩል ነው ዓይኔ የሚገባ!»

ደስ ብሎኝ ነው እንዲህ የምለው። ፎጣዋን አንሥቼ እጇ ላይ አስያዝኋት፤ ቅርብ አድርጋ እንድታያት። አማቴ ሾላውን ቀና ብለው አዩት።

ፋጤ ግን ነጥቦቹን አልነበረም የምታይ። እኔን ነው የምታይ።

«እኔ ነኛ» አለች።

«ምኑ?»

«የእኛን ልብስ ድንጋይ ላይ ነው የማሰጣ። የልጆቹንም፣ የእኔንም። የአንተን ብቻ ነው እዚህ የማውለው። መሬት አይንካው ብዬ። የተቆረጠው ደርቋል ብዬ።» ፎጣዋን በእጇ ጨመደደችው። «ሲያምህ ደግሞ ዓይንህን በዚሁ የማብስልህ እኔ። እየቀቀልሁ፣ እያሰጣሁ፣ በእጄ…»

ያን ጊዜ ነው ምን እንደተናገርሁ የገባኝ። ያን ሁሉ መንገድ ስመጣ ምክንያቱን እንጂ እሷን አላሰብሁም።  «ፋጤ፣ አጥሩን ያሳጠርሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኋት፤ አልሰማችኝም። እንባዋ ገነፈለ። እንደማንኛውም የሚያለቅስ ሰው በእጇ የያዘችውን ጨርቅ ወደ ዓይኗ አነሣች።

ጮህሁ። ዘልዬ ሁለቱንም እጆቿን ያዝሁ፤ ፎጣዋ መሬት ወደቀች። ፋጤ ደንግጣ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየች፣ ገባት። በእጄ እንዳላብስላት የእኔም እጅ ጨርቁን ሲነካካ የቆየ ነው። በእጇ እንዳትታበስ የእሷም እንደዚያው። አማቴ «ውሃ! ውሃና ሳሙና!» እያሉ ወደ ቤት ሮጡ።

እሳቸው እስኪመለሱ እዚያው ሽንኩርቱ መካከል ቆመን ቀረን። እንባዋ ማንም ሳያብሰው በጉንጮቿ ላይ ወርዶ በአገጯ በኩል ይንጠባጠባል፤ እኔም እጆቿን አጥብቄ እንደያዝሁ አልለቀቅኋትም።